ጥላሁን ገሠሠ

ጥላሁን ገሠሠ (መስከረም 1933 – ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ድምጻዊ ነበር። በአማርኛና በኦሮምኛ ዘፍኗል። የአገር ቤት ዜማን ከሳክስፎን፣ ከትራምፔትና ከጊታር ጋር አዋህደው ዘመናዊ የሚባለውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ካስለመዱት ሰዎች መካከል ስሙ አስቀድሞ የሚጠራ ነው። ይህ ገጽ በይበልጥ የሚያተኩረው በልጅነቱና በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቱ ላይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የስሙ አጻጻፍ

የአባቱ ስም በአንዳንድ ጽሑፎች «ገሠሠ»፣ በሌሎች ደግሞ «ገሰሰ» ተብሎ ይገኛል። ሲነበብ ልዩነት የለውም። ለኮምፒውተር ግን «ሠ» እና «ሰ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ፣ በአንዱ አጻጻፍ የሚፈልግ ሰው በሌላው የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል። ስለ ጥላሁን መረጃ የሚፈልግ አንባቢ በሁለቱም ቢሞክር ይሻላል። በዚህ ገጽ «ገሠሠ» የሚለው ተመርጧል።

ልጅነት

ጥላሁን ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉርሙና ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ በአዲስ አበባ ተወለደ። ዘመኑ ጣልያን አገሪቱን የያዘበት የመጨረሻው ዓመት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የተመለሱት እርሱ ከተወለደ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ነው። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ አያቱ ወደ ወሊሶ ወስደው አሳደጉት።

ወሊሶ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በፍል ውሃዋ የታወቀች ስትሆን፣ በዚያ ዘመን በመንግሥት ወረቀት ላይ ግዮን ትባል ነበር። በገበያዋ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ጉራግኛ በአንድ ቀን ይሰማሉ። ጥላሁን በኋላ በሁለት ቋንቋ ያለ ምንም መንተባተብ መዝፈኑ ብዙ ሰው ያስደንቃል፤ የወሊሶን ገበያ ለሚያውቅ ግን እምብዛም አይደንቅም።

የተማረው በአጼ ምኒልክ የጦር አዛዥ በራስ ጎበና ዳጬ ስም በተሰየመው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ከትምህርቱ ይልቅ ዘፈን ላይ ማዘንበሉ ውሎ አድሮ ታወቀ። አያቱ ልጁ በርትቶ ቀለሙን እንዲቆጥር ይፈልጉ ነበር። በዚያ ዘመን ፊደል የቆጠረ ልጅ ጸሐፊ፣ አስተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ዘፋኝ ግን አዝማሪ ይባል ነበር፣ ቃሉም ሙገሳ አልነበረም። በሠርግ አዝማሪ ጠርቶ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍ ሰው የገዛ ልጁ አዝማሪ እንዲሆንበት አይፈልግም። የአያቱ ሥጋት የሚታየው በዚህ ውስጥ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም።

ከአያቱ በተቃራኒ የቆሙት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነበሩ። ሚስተር ሸዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ሲሆኑ፣ የልጁን ዝንባሌ አይተው አበረታቱት፤ ዘፈን ከፈለገ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለበትም መከሩት። አንድ ዳይሬክተር የራሱን ተማሪ ትምህርት ቤቱን ትቶ እንዲሄድ መምከሩ ዛሬም ቢሆን የተለመደ ነገር አይደለም።

የሀገር ፍቅር ሰዎች ወደ ወሊሶ መምጣት

ምክሩ ወደ ድርጊት የተለወጠው የሀገር ፍቅር ማኅበር የኪነት ቡድን ወሊሶ መጥቶ በትምህርት ቤቱ ትርዒት ባሳየ ጊዜ ነው። ከመጡት መካከል ድምጻዊቷ ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና የዜማና የተውኔት ሰው የነበሩት አቶ ኢዮኤል ዮሐንስ ይገኙበት ነበር። ጥላሁን አጋጣሚውን ተጠቅሞ አቶ ኢዮኤልን ቀርቦ ፍላጎቱን ነገራቸው። እርሳቸውም በዚህ ሥራ መቀጠል ከፈለገ አዲስ አበባ መምጣት እንደሚኖርበት ነገሩት።

ይህን ለመረዳት ሀገር ፍቅር ምን እንደነበረ ማወቅ ይጠቅማል። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት ሲቋቋም ዓላማው ሕዝቡን ለመጣው የጣልያን ወረራ በንግግርና በዘፈን ማነሣሣት ነበር። በወረራው ዘመን ተዘግቶ ከነጻነት በኋላ እንደገና ሲከፈት ቴአትር፣ ዘፈንና ውዝዋዜ በአንድ ጣራ ሥር የሚታዩበት ቤት ሆነ። ፒያሳ አካባቢ ያለው አዳራሹ ዛሬም አለ። በዚያን ጊዜ የግል ባንድ የሚባል ነገር ስላልነበረ አንድ የክፍለ ሀገር ልጅ ዘፋኝ ልሁን ቢል የሚያንኳኳቸው በሮች ጥቂት ነበሩ፤ ሀገር ፍቅር፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ሠራዊትና የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍሎች፣ ከ1948 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ሁሉም አዲስ አበባ ነበሩ።

ከወሊሶ ወደ አዲስ አበባ

ጥላሁን ለአያቱ ሳይናገር በእግሩ ተነሣ። ጊዜው በ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ቱሉ ቦሎ ሲደርስ ግን ወሬው ቀድሞት ኖሮ ተያዘ። ያንን ሌሊት ዘመዱ በሆኑት በወይዘሮ ተመኔ ባንቱ ቤት አድሮ በማግስቱ ወደ አያቱ እንዲመለስ ተደረገ።

በብዙ ድረ ገጾች ላይ በዚያ ቀን የተጓዘው 15 ኪሎ ሜትር ነው ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ከሌላው እየቀዳ የተሠራጨ ቁጥር ይመስላል። ቱሉ ቦሎ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ከወሊሶ ያላት ርቀት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ልጁ ቱሉ ቦሎ ድረስ በእግሩ ከሄደ የተጓዘው ከተባለው እጥፍ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ወደዚህ ገጽ ያላመጣነው በዚህ ምክንያት ነው።

አያቱ ቤት ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በሁለተኛው ጉዞ በእግር መሄድ እንደሚያስይዝ ተምሯልና ዕቃ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተደብቆ ወጣ።

መንገዱ በበቾ ሜዳ ያልፋል። በቾ ጥቁር አፈር ያለው ሰፊ የጤፍ አገር ሲሆን በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ከቱሉ ቦሎ ቀጥሎ የአዋሽ ድልድይ፣ ከዚያም ተፍኪ፣ ከዚያም ሰበታ ይመጣል። ሰበታ የዚህ መንገድ የመጨረሻዋ ትልቅ ማረፊያ ናት፤ ከእርሷ አዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢቀር ነው። ዛሬ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምናየው የፋብሪካ ሰልፍ ያኔ አልነበረም፤ ከሰበታ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም ገና አልተሠራም። ከሰበታ ቀጥሎ ዓለም ገና አለ፤ የቡታጅራና የሆሳዕና መንገድ ከጅማው ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው።

አዲስ አበባን የከበቧት ከተሞች በዚያ ዘመን የመዲናዋ በሮች ነበሩ ማለት ይቻላል። ከጎጃም የሚመጣ በሱሉልታ አድርጎ በእንጦጦ ይወርዳል፤ ከአምቦና ከወለጋ የሚመጣ በቡራዩ፣ ከጅማና ከወሊሶ የሚመጣ ደግሞ በሰበታ ይገባል። በኋላ በአንድ መድረክ ላይ የተገናኙት ድምጾች፣ የጎጃሙ ዜማም የሸዋ ኦሮሞውም፣ የገቡት በእነዚህ መንገዶች ነው። ከጭነቱ ሥር ተደብቆ ሰበታን ያለፈው ልጅ ከዚያ በኋላ ወደ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት በተማሪነት አልተመለሰም።

በሀገር ፍቅር

አዲስ አበባ እንደደረሰ ሀገር ፍቅር ማኅበር ቀጠረው። በዚያ ያገኘው ትምህርት የመድረክ ትምህርት ነበር። የሀገር ፍቅር ትርዒት አንድ ዘፋኝ ማይክሮፎን ይዞ የሚቆምበት ብቻ አልነበረም፤ ተዋናዩ ይዘፍናል፣ ዘፋኙ ይወዛወዛል፣ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ከአኮርዲዮን ጋር ይቀርባሉ። ጥላሁን ቃላትን ቆርጦና አጥርቶ የማውጣት ልማዱ ከዚህ ቤት ይጀምራል ብሎ መገመት ይቻላል። የድምጽ ማጉያ ደካማ በሆነበት አዳራሽ የኋላው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ግጥሙ ካልተሰማ ዘፈኑ አልተዘፈነም ማለት ነበርና።

በሀገር ፍቅር የቆየው ለጥቂት ዓመታት ነው።

በክቡር ዘበኛ

ቀጥሎ የገባው በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ነው። ክቡር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ሲሆን ኦርኬስትራው በጊዜው ከነበሩት ሁሉ የተሻለ መሣሪያና የተሻለ ሥልጠና እንደነበረው ይነገራል። የዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ አመጣጥ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ማለትም «አርባ ልጆች»፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የነሐስ መሣሪያ ባንድን በቤተ መንግሥት አቋቋሙ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ከነጻነት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል። የክቡር ዘበኛ ባንድ የዚህ ታሪክ ቀጣይ ነው።

በባንዱ ውስጥ ከጥላሁን ጋር ስሙ መነሣት ያለበት ሰው ሳህሌ ደጋጎ ነው። የዜማ ደራሲና አቀናባሪ ሲሆን ጥላሁን የዘፈናቸው ብዙ ዜማዎች የእርሱ ሥራዎች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በውጭ አገር ጊታሩን ይዞ የራሱን ግጥም በራሱ ዜማ የሚዘፍን ሰው ዓይነት አሠራር በአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች ውስጥ የተለመደ አልነበረም። ግጥሙን አንዱ ይጽፋል፣ ዜማውን ሌላው ይደርሳል፣ ሌላው ያቀናብራል፣ ድምጻዊው ይዘፍናል። ሸክላው ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን የድምጻዊው ስም ስለሆነ የጥላሁን ዘፈን ሲባል የሌሎቹ ድካም ይረሳል። ግጥሙንም ዜማውንም እዚያው እየፈጠረ የሚዘፍነው፣ በእውነቱ፣ የተናቀው አዝማሪ ነበር።

ከሴት ድምጻውያን ብዙነሽ በቀለ በዚሁ ባንድ ነበረች። ከጥላሁን ጋር በጋራ የዘፈኗቸውም አሉ። ማሕሙድ አህመድም ወደ ኋላ በዚሁ ቤት አልፏል። እነ ሒሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ ደግሞ በፖሊስ ሠራዊት በኩል ነበሩ። በባንዶቹ መካከል የነበረው ፉክክር ለአድማጩ ጥቅም ሆኗል።

የታኅሣሥ 1953 ግርግር

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ጦር ሠራዊቱ ለዘውዱ ቆመ፣ በከተማው ውስጥ ውጊያ ተደረገ፣ በአራት ቀን ውስጥ ሙከራው ከሸፈ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተይዘው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተገደሉ። ገርማሜ ሞተ፤ ጄኔራል መንግሥቱ በመጋቢት ወር በስቅላት ተቀጡ።

ለክቡር ዘበኛ አባል ይህ ትልቅ መዘዝ ነበረው። የባንዱ ሰዎች የያዙት ትራምፔትም ቢሆን የደመወዝ ዝርዝራቸው ያለው በዚያው ጦር ውስጥ ነው። ጥላሁን ተይዞ ለተወሰነ ጊዜ ታሰረ። ያኔ ዕድሜው ገና 20 ነበር፤ ከወሊሶ ከጠፋ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። አያቱ ስለ ዘፈን ሥራ ከነበራቸው ሥጋት መካከል እንዲህ ያለው ጣጣ መኖሩ ግን ያጠራጥራል።

ከእሥር ሲወጣ ሥራውን አልተወም። ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በኋላም ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ወደሚባለው፣ ተዛወረ። ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበትም ዘፍኗል። በጦራቸው አመፅ ሰበብ የታሠረ ድምጻዊ በፊታቸው ቆሞ መዝፈኑ የዚያን ዘመን ኑሮ ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ ኦርኬስትራው የመንግሥት፣ መድረኩ የመንግሥት፣ እሥር ቤቱም የመንግሥት ነበር።

ሙዚቃው

የኢትዮጵያ የሕዝብ ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምጾች ላይ የቆመ ነው። ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ክራር ለአንድ ቅኝት ተቃኝቶ ይመታል፤ ቅኝቱ ሲቀየር ክሩ እንደገና ይወጠራል። ሳክስፎንና ፒያኖ ግን ከሌላ የሙዚቃ ሥርዓት የመጡ ናቸው። የ1950ዎቹ አቀናባሪዎች ያደረጉት ቅኝቱን ሳይለቁ በእነዚህ መሣሪያዎች ማጫወት ነው። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ በአዝማሪ ቤት ተቀባዩ የሚያደርገውን ያደርጋሉ፤ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ሲጨርስ ይመልሱለታል።

የጥላሁን ድምጽ በዚህ መካከል ነው። ድምጹን ማርገብገብና ማንቀጥቀጥ፣ አንዱን ፊደል ይዞ በብዙ ኖታ ላይ ማመላለስ የቆየ የአገር ቤት ዘዴ ነው። እርሱ ይህን ከኋላው አሥራ ምናምን ሰው ያለበት ኦርኬስትራ ይዞ ሠራው። በ1960ዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ኦርጋን ሲገቡም አልተቸገረም። በአሜሪካ ቦብ ዲላን በ1957 ዓ.ም. ክረምት በኒውፖርት የሕዝብ ዘፈን በዓል ላይ በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት ከተመልካቹ ከፊሉ እንደ ክህደት ቆጥሮበት ነበር። በአዲስ አበባ እንዲያ ያለ ጠብ አልተሰማም። እነ አስናቀች ወርቁና ሜሪ አርምዴ በክራር ብቻ ሲዘፍኑ፣ ጥላሁን በኦርኬስትራ ሲዘፍን፣ አድማጩ ሁለቱንም በአንድ ሬዲዮ ይሰማ ነበር።

ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለቆየ የዘመናዊ ዘፈን ሸክላ ገበያ የደራው ዘግይቶ ነው። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ ይህን ጥሶ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ የጥላሁን ዘፈኖችም በሸክላ ወጡ። ስለዚህ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመድረክ የነበረውን የወጣቱን ጥላሁን ድምጽ ዛሬ እንደ ልብ መስማት አይቻልም። አብዛኛው ሰው «የድሮው ጥላሁን» ብሎ የሚያዳምጠው ከአሥር ዓመት በላይ መድረክ ላይ የበሰለውን ሰው ነው።

ከዘፈኖቹ የፍቅር ዘፈን ይበዛል። የአገር ፍቅር ዘፈኖቹም ታዋቂ ናቸው፤ ረሃብን አንሥቶ የዘፈነው «ዋይ ዋይ ሲሉ» እስከ ዛሬ ድርቅ በተነሣ ቁጥር ይሰማል። የኦሮምኛ ዘፈኖቹ ከአማርኛዎቹ ያነሰ ተጽፎባቸዋል፤ ይህ ገጽም ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደለምና ኦሮምኛ የሚችል አዘጋጅ ቢያሟላው መልካም ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ገደለው፤ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። አንዳንድ ሙዚቀኞች ተሰደዱ። ጥላሁን ግን በመድረክም በካሴትም ቀጠለ።

በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንገቱ በስለት ተቆርጦ ሕይወቱ ለጥቂት ተረፈ። ነገሩ እስከ ዛሬ ብዙ ይወራበታል፤ የተረጋገጠ ነገር ስለሌለ ወሬውን እዚህ መደርደር አያስፈልግም። ለድምጻዊ አንገት ማለት የሥራ መሣሪያ ነውና፣ ከዚህ በኋላ ይዘፍናል ብሎ የገመተ ብዙ አልነበረም። እርሱ ግን ዳነና ዘፈነ። ቆይቶ በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግሩ ተቆርጧል፤ ከዚያም ወዲያ ቢሆን ተቀምጦም እየተደገፈም መድረክ ላይ ታይቷል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል፤ የኢትዮጵያ የሥነ ጥበባትና የመገናኛ ብዙኃን ሽልማት ድርጅትም የዕድሜ ልክ አገልግሎቱን አክብሮ ሸልሞታል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በፈረንሳይ የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ ተከታታይ 17ኛውን ቅጽ ለእርሱ ብቻ ሰጠ። አዘጋጁ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ቃላቱን የማይሰሙ የውጭ አገር ሰዎች ድምጹን ያወቁት በአብዛኛው በዚህ ነው።

ጥላሁን ከአሜሪካ በተመለሰ ጊዜ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ዕለቱ የትንሣኤ በዓል ነበር። በ68 ዓመቱ መሞቱ የተሰማው ሰዉ ጾሙን ፈትቶ ቤቱ በተቀመጠበት ሰዓት ስለሆነ፣ በዚያ ፋሲካ የት እንደነበሩ የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ብሔራዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደረገለት፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ፤ አስከሬኑም በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።